ያላስጮኸ እጅ

ወገቡን ያመመው ሰው በእኛ ሰፈር ሐኪም አይቸግረውም። ቡና ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቶናው ሲቀዳ ከዱካው ብድግ ሊል ሲሞክር አንዴ «እህህ» ካለ ይበቃዋል። ከረከቦቱ ወዲህ ያለችው «ብርድ ነው፤ ብርድ ገብቶብሃል» ትላለች። ከረከቦቱ ወዲያ ያለችው «የምን ብርድ! ኩላሊት ነው እንጂ፤ የአጎቴ ልጅም እንዲሁ ነው የጀመረው» ትላለች። የአጎቷ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን አትናገርም። ጥግ የተቀመጡት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ስትራፖ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ጣልያን ጥሎልን ከሄደው ነገር ሁሉ ከማኪያቶ ቀጥሎ እንደዚህ ቃል ያገለገለን የለም።

በረካው ሳይቀዳ ምርመራው ያልቅና ወደ መድኃኒቱ ይታለፋል። ጨው አሙቀህ በጨርቅ ቋጥረህ ያዝበት። ጨርቅ በካውያ አሙቂለት። ዝንጅብል በማር። ነጭ ሽንኩርት በዘይት። ቪክስ። ዲፕ ሂት። ዲክሎ ተወጋ። ፍል ውሃ ግባ። ጠበል ሂድ። በመጨረሻ እስካሁን ዝም ብላ ቄጠማውን ስትነጭ የነበረችው ጎረቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ አንድ ወጌሻ አውቃለሁ፤ እጁ መድኃኒት ነው። ወንድሜን ሲያሸው ጩኸቱ አስፋልት ድረስ ተሰምቷል» ትላለች። ቤቱ በአድናቆት ጸጥ ይላል።

ይህችን የመጨረሻዋን ምስክርነት ልብ በሉልኝ። ወንድሟ ዳነ አላለችም። ተነስቶ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሠረ አላለችም። የወጌሻው ሙያ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ጩኸቱ የደረሰበት ርቀት ነው፤ ከአስፋልቱ አልፎ ገበያው ድረስ ቢሰማ ኖሮ ሰውየው ፕሮፌሰር ይባል ነበር። ማንም «ታዲያ ተሻለው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ይመስላል።

ነገሩ ከአስተዳደጋችን የመጣ ይመስለኛል። ኮሶ ጠጥተን ያደግን ሕዝብ ነን። የሚያሽር ነገር መምረር አለበት፣ ማቃጠል አለበት፣ ቢያንስ አንድ ቀን አልጋ ላይ መጣል አለበት። እንክብል ያዘዘ ሐኪም «ምንም አላደረገልኝም» ተብሎ ይታማል፤ መርፌ የወጋ ደግሞ ይመሰገናል፤ መርፌው ወጥቶ ሰውየው ሲያነክስ ከታየማ ስሙ በየሰፈሩ ይነሳል። መታሸትም በዚሁ ሕግ ይዳኛል። ለስለስ ያለ እጅ «ይዳብሳል» ይባላል። ቆዳችንን ከሥጋችን፣ ሥጋችንን ከአጥንታችን የሚለይ እጅ ሲመጣ ነው «አሁን ገና አገኘው» የምንለው።

ወጌሻን ላቃልል አይደለም። ሐኪም ቤት የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር የወለቀ ትከሻ ሲመልስ፣ የተሰበረ ክንድ ሲያስር የኖረው እሱ ነው። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአያቱ ይወርሳል፤ ዋጋ ጠይቃችሁት «ያላችሁን» የሚልም ብዙ ነው። ግን እጁ ላይ መውደቅን እንነጋገር። ቤቱ ስትደርሱ የሚያማችሁን ቦታ መናገር ትርፍ ድካም ነው። እሱ ራሱ ይፈልገዋል፤ ካላገኘው ይፈጥረዋል። አውራ ጣቱን አንገትና ትከሻ ከሚገናኙበት ላይ ይተክልና «እዚህ ጋ ነው፣ አይደል?» ይላል። ሕመሙ እዚያ ጋ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም የመጣችሁት ለጉልበታችሁ ሊሆን ይችላል። ያ አውራ ጣት ከተተከለ በኋላ ግን የሌላው አካል ሕመም ሁሉ ይረሳል። «አዎ! አዎ! እዚያ ጋ!» ትላላችሁ። «አላልኩም?» ይላል ለተሰበሰበው ሰው። ሁልጊዜ የተሰበሰበ ሰው አለ።

ከዚያ ቅቤው ይመጣል፤ ሥራው ይጀመራል። ዓይናችሁ እንባ ሲያቀርር የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይጠይቃል። ትውልዳችሁን በሲቃ እየቆራረጣችሁ ስትናገሩ አያታችሁን ያውቃቸዋል፤ ጀግና ነበሩ፤ እሳቸውን ሲያሽ አንድ ቀን እንኳ «እህ» አላሉም። እዚህ ላይ አፍን ከመያዝ ሌላ ምን አማራጭ አለ? ሴት ከሆነች ደግሞ «ምጥ የቻልሽ ሴት ለዚህች ታለቅሻለሽ?» ትባላለች። በመጨረሻ «ጅማቱ ዞሮ ነበር፤ መልሼዋለሁ» ተብሎ ፍርድ ይሰጣል። ጅማታችን በእርግጥ እንደ ስልክ ገመድ አይዞርም። የሆነው ጡንቻው ተጨማድዶ፣ ደርቆ፣ «አትንኩኝ» ብሎ መቅረቱ ነው። ጡንቻ ደግሞ ሲያስፈራሩት ይበልጥ ይጨማደዳል፤ ሕመም በጨመረ ቁጥር ራሱን ለመከላከል ይገተራል። ስለዚህ ወጌሻው ሲበረታ ጡንቻው ይበረታል፣ ጡንቻው ሲበረታ ወጌሻው እልህ ይይዘዋል፤ መሐል ላይ ያለው ባለ ጡንቻ ነው የሚሰቃየው። በማግሥቱ ጀርባው በልዞ ሲታይ ቤተሰቡ «ደሙን አወጣለት» ብሎ ይደሰታል።

በዚህ ላይ ዋግምቱም አለ። ቀንድ ጀርባ ላይ ተተክሎ፣ አየሩ ተመጦ፣ ቆዳው እንደ አምባሻ ብድግ ሲል የሚታየው የአያቶቻችን ሕክምና። ወጣቶቹ «ኋላ ቀር» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ያንን ክብ የበለዘ ምልክት ይዞ ብቅ ሲል ነገሩ በአንድ ሌሊት ዘመናዊ ሆነ። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ የወርቅ ሜዳሊያው የማን እንደሆነ ይከራከሩ ነበር። ምላጭ ያለበት ዋግምት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ምላጭ ከወገብ ሕመም እጅግ የከፋ ነገር ይዞ ይመጣል።

የሚገርመኝ ስታዲየም ውስጥ ያለው ወጌሻ ነው። የእግር ኳስ ቡድኑን ባለሙያም ወጌሻ ነው የምንለው፤ ግን ጠባዩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ተጫዋቹ ሳሩ ላይ ተንከባሎ፣ እናቱን ጠርቶ፣ ኑዛዜ ሊናገር ሲቃረብ ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ይገባል። ቅዝቃዜ ያለው ነገር ሽው ያደርግበታል፤ ሁለት ጊዜ ዳበስ ያደርገዋል፤ ሟች ብድግ ብሎ ኳስ ይቀበላል። የተነፋው ነገር ቆዳው ላይ ቶሎ ስለሚተን ቦታውን ለጥቂት ደቂቃ ያደነዝዛል፤ ቀሪውን ቡድኑ እየመራ ነው ወይስ እየተመራ የሚለው ይወስነዋል። ያም ሆነ ይህ፣ በዚህኛው ወጌሻ እጅ ሰው ሲጮህ አላየሁም፤ ጩኸቱ የሚያልቀው እሱ ሲደርስ ነው።

ከወጌሻ ቤት የሸሸ ሰው ፀጉር ቤት ይያዛል። እዚያ የሄደው ለመቆረጥ ነው፤ መታሸቱ ሳይጠየቅ የሚመጣ ምርቃት ነው። መላጩ አንገቱን በአልኮል ጥፊ ካነደደው በኋላ፣ ከእጁ ጀርባ ላይ ያቺን የምትንቀጠቀጥ ማሽን አሥሮ ጭንቅላቱን ይይዘዋል። ጥርስ ይንቀጫቀጫል፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ፊት ሁለት ሦስት ይሆናል፤ ሰውየው በዚያ መሐል ስለ አርሰናል ይጠየቃል፣ እየተንተባተበ ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ከዚያ ግን መላጩ አገጩን በአንድ እጅ፣ ማጅራቱን በአንድ እጅ ይዞ «ዘና በል» ይላል። በሕይወቴ ዘና እንዳልል ካደረጉኝ ትእዛዞች ይህ ቀዳሚው ነው። «ቀጭ!» ሲል ቤቱ ይረካል። ድምፁ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የአየር አረፋ ነው፤ ቦታው የተመለሰ አጥንት የለም። አንገት ውስጥ ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮች አሉና እንዲህ በድንገት ሲጠመዘዝ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ተሰንጥቀው ስትሮክ ያመጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እኔ እጁ አገጬ ላይ ሲያርፍ ሒሳብ ስንት ነው እላለሁ። ቅር ይለዋል። ይለፈው።

ቤት ውስጥስ? የቤት ውስጥ መታሸት ትልቁ መሣሪያ ልጅ ነው። አባወራው ከሥራ ገብቶ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ይዘረጋና «ና እስቲ ርገጠኝ» ይላል። ይህ ሕክምና የዕድሜ ገደብ አለው፤ የሁለት ዓመት ልጅ አይሰማም፣ የአሥር ዓመቱ ደግሞ ጎድን ይሰብራል። አራትና አምስት ዓመት ላይ ያለ ልጅ ያለው ሰው ሀብታም ነው። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ከታፋ እስከ ትከሻ ይመላለሳል፤ አባት ምንጣፉ ውስጥ አፉን ቀብሮ «ወደ ላይ... ግራ... እዚያው ቁም» እያለ ይመራል። መጀመሪያ ጊዜ በፍቅር ነው፤ በኋላ ከረሜላ ይጠየቃል፤ ከዚያ ልጁ የብርን ጥቅም ያውቃል። አንድ ወዳጄ ልጁ መሐል ጀርባው ላይ ቆሞ ዋጋ ጨምሮበታል። በዚያ ሁኔታ የተደራደረ ሰው የለም፤ ተስማማ።

የሚስት እጅ ከልጅ እግር የተሻለ ነው፤ ግን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ባል በሆዱ ተኝቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ወደ ኋላው ማየት በማይችልበት ሰዓት «ለመሆኑ ቅዳሜ ማታ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በአጋጣሚ አይደለም። መልሱ ከጣፈጠ እጁ ይለሰልሳል፤ ካልጣፈጠ አውራ ጣት ጎድን መሐል ይገባል። ፖሊስ ይህን ዘዴ ቢያውቅ ኖሮ ያልታወቀ ወንጀለኛ አይኖርም ነበር።

ባለቤትየዋንስ ማን ያሻታል? በአገራችን ሴት በሥርዓት የምትታሸው አራስ ስትሆን ነው፤ እናቷ ወይም አማቷ በለጋ ቅቤ እያሹ ገላዋን ያጥቧታል። ሕፃኑም አብሮ ይታሻል፤ እግሩ ይሳባል፣ አፍንጫው ይቆነጠጣል፣ ጭንቅላቱ ይስተካከላል፤ ይህ ሁሉ ለመልኩ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ልጅ ድረስ ውሃ ተሸክማ፣ ምጣድ ላይ ጎንብሳ፣ ልጅ አዝላ የዋለች ወገብ «እስቲ ልሽሽ» የሚላት የለም። አንድ ጎረቤቴ ባሏን አንድ ቀን እሸኝ ብትለው በሁለት ጣቱ ትከሻዋን ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «በቃ ለቀቀሽ?» አላት። እንደ ሊፍት ቁልፍ ነው የተጫናት። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲተኛ የምትገፋው በክርኗ ነው፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ይህን ሁሉ ስናገር ማሸት አይጠቅምም ያልኩ እንዳይመስል። ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሕመም ወደ አንጎል የሚሄደው በር እንዳለው ሆኖ ነው አሉ። ከቆዳ የሚነሳው የመዳበስና የመጫን ስሜት ከሕመሙ ጋር አከርካሪ ውስጥ ይገናኛል፤ ዳበሳው ሲበዛ ለሕመሙ በሩ ጠበብ ይላል። ከእነሱ በፊትም ግንባሩን በር የመታው ሕፃን እናቱ «እሽሽ» እያለች ስታሸው ዝም ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው። ዲፕ ሂት እና ቪክስም ቢሆኑ ሥራቸው ይህን ይመስላል፤ የሚያቃጥለውና የሚቀዘቅዘው ስሜት ነርቮቹን ያጠምዳቸውና ጥልቁ ሕመም ለጊዜው ይረሳል። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ራሱ ለሕመም በሚቀባ ቅባት ውስጥ ይገባል። ይህን ሰምቶ ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ ጀርባው ላይ ሊቀባ የሚነሳ ጀግና ካለ ግን እጁን ዓይኑ ጋ ከማድረሱ በፊት ይታሰብበት። ስለ ዲፕ ሂት አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ ሚስጥር አይጠብቅም። ሚኒባስ ውስጥ ማን እንዳመመው ረዳቱ ሳይቀር ያውቃል።

በዚህ በበሩ ደንብ ማሸት የሚሠራው ያለ ጩኸት ነው፤ ዳበሳው በሩን ያጠባል፣ ስቃዩ ግን ይከፍተዋል። ምቾት ያለው ግፊት፣ «ያማል ግን ደስ ይላል» የሚባለው ደረጃ፣ በቂው ነው። ከዚያ ያለፈው ትርኢት ነው።

ሁለት ቀን ቆይቶ የሚመጣ ሕመም ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ከስቅለት በኋላ ያለውን ፋሲካ ይጠብቅ። ዓርብ ሲሰገድ ይዋላል። ማታ ላይ ሰው ደክሞታል እንጂ ምንም አይለውም፤ እንዲያውም ቀላል ይመስለዋል። ቅዳሜ ታፋው ማጉረምረም ይጀምራል። እሑድ ጠዋት ዶሮው ቀርቦ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሰላም ሊል ከሶፋው ሊነሳ ሲል ነው እግሮቹ ሥራ ያቆሙት። ታላቁ ሩጫም እንዲሁ ነው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ ያስጀመረው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በየዓመቱ እሑድ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአዲስ አበባ ሰዎችን ያስሮጣል፤ ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ደረጃ በጎን እንዲወርዱ፣ ሽንት ቤት ግድግዳ ይዘው እንዲቀመጡ ያደርጋል። ቢጫ ወይም ቀይ ቲሸርቱን ለብሶ የመጣው ሰው የሚያነክሰው ለመታየት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልጨምርበትም።

ይህ ሕመም የሚመጣው ጡንቻ ባልለመደው ሥራ፣ በተለይም እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም፣ በጥቃቅኑ ስለሚጎዳ ነው። ቁልቁለት መውረድና ለስግደት ዝቅ ማለት ዋነኞቹ ናቸው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ይደርስና ራሱ ይለቃል። «ላቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው፤ ታሽቶ ካልወጣ አይለቅም» የሚባለው ወሬ ነው፤ ላቲክ አሲዱ ከሩጫው በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻው ጠርቶ ሄዷል። ማክሰኞ ዕለት የሚያሽ ሰው የሚያባርረው ከእሑድ ጀምሮ ቤቱ የሌለ እንግዳ ነው። ቀስ ያለ እሽታ ስሜቱን ያቀላል፤ ቀስ ያለ የእግር ጉዞም እንዲሁ። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ኦፕሬሽን ከተደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሌሎቹ ሲወድቁ እሱ ሳሩ ላይ ሰውነት ማፍታታት ጀመረ። የሚያሸው ሰው አልጠበቀም። እኛ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ድንኳን ጥላ ሥር የምንወድቀው ልጆቹ ግን ያለ ጭማቂ አንነሳም።

ወለምታ ሲሆን ነው ቅቤያችን ክፉ ሥራ የሚሠራው። ተረቱ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል፤ የእግር ወለምታ በቅቤ መታሸቱን ግን ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም። ልጅ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ እጥፍ ብሎ ያብጣል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቅቤው ቀልጦ፣ እጅ ተሰብስቦ፣ ትኩስ በትኩሱ ይታሻል። ያበጠ ጅማት ውስጡ የተጎዳ፣ የሚደማም ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሙቀትና ብርቱ እሽታ እብጠቱን ያባብሰዋል። የሚሻለው እግሩን ከፍ አድርጎ፣ በላስቲክ ፋሻ ደህና አድርጎ ጠቅልሎ ማሳረፍ ነው። በረዶስ? እ.ኤ.አ. በ1978 እረፍት፣ በረዶ፣ ማሠርና ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ቆየት ብሎ በረዶውን ራሱ ተጠራጥሮታል፤ ሕመም ያደነዝዛል እንጂ ማገገምን ያዘገይ ይሆናል ብሏል። ለማስታገስ ጥቂት ደቂቃ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ግን ይቻላል፤ ለእናቴ ትውልድ ይህን ማስረዳት ነው ከባዱ። «በታመመ እግር ላይ በረዶ? ብርድ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ይቅር?» ትላለች። በረዶውን ከፍሪጅ ያወጣሁበት እጄ ላይ ሳይቀር ጋቢ ጣል ልታደርግብኝ ትሻለች። ቅቤውም ቢሆን ቅዱስ አይደለም፤ ጥቅሙ እጅ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው፤ ቫዝሊንም የምግብ ዘይትም ይህን ይሠራሉ። የቅቤን የዛሬ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ጀርባውን ወይስ ዶሮ ወጡን እንደሚመርጥ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሙቀት የሚበጀው ለቆየ ሕመም ነው፤ ለደረቀ ወገብ፣ ለተጨማደደ ትከሻ። በዚህ አዲስ አበባን የሚያህል ምስክር የለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. አጠገቡ ቤት ተሠራ፤ ከዚያ ከተማ ሆነ። መዲናችን የተቆረቆረችው ሰው ገላውን ዘና ለማድረግ በፈለገበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፈን ስንሄድ አይመስልም እንጂ። ፍል ውሃ አሁንም አለ። በሩ ላይ ወረፋ ይዘው የሚጠብቁት እናቶች ከሐኪም የበለጠ ስለ ሪህና ቁርጥማት ያውቃሉ፤ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ በሩ ሲንኳኳ «አሁን ወጣሁ» ይላል እንጂ አይወጣም። አቅምና ጊዜ ያለው ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ድረስ ይሄዳል። ለሌሎቻችን ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ከፎጣ ጋር፣ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ፣ ይበቃል። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሞላ ሰው ጠርሙሱ ሲጨማደድ ያየዋል፤ ሃይላንዱ ለሌላ ሥራ ይሁን። በውሃ ሞልተው ፍሪዘር ውስጥ ካስቀመጡት፣ ጠዋት ሲረግጡ ተረከዝ የሚያሠቃየው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከእግሩ ሥር ያንከባልለዋል። ለጀርባ ደግሞ የቴኒስ ኳስ ከግድግዳ ጋር ደገፍ ብሎ፣ አከርካሪውን ሳይነኩ ከጎኑ ያለውን ሥጋ ማሸት ይቻላል። ኳስ ቅዳሜ የት ነበርክ አይልም።

ወገቡን ለያዘው ሰው ደግሞ የድሮው ምክር «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» ነበር። ሐኪሞች ይህን ከተዉት ቆይተዋል፤ አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይለቃል፤ እስከዚያ ጥቂት ጥቂት መራመድ ከአልጋ ይሻላል። ዲክሎውን አዘውትሮ የሚውጥ ወይም የሚወጋ ካለ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ያስብ፤ ጨጓራ የሌለበት የአዲስ አበባ ሰው ስለማላውቅ ይህን የምለው ለሁሉም ነው።

አሁን ቀልዱን ላቁም። አንድ እግር ብቻ ባቱ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ማንም እንዳይነካው፤ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ እሽታ ከቦታው ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ከወገብ ሕመም ጋር እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የትኛውም ወጌሻ ቤት አይደረስም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ደረት ላይ የተጫነና ወደ ግራ ክንድ የሚሄድ ሕመምም «ብርድ ነው» ተብሎ አይታሽም። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጠብቆ ታሥሮ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ በዚያው ሰዓት ማሠሪያውን ፈትቶ መሮጥ ነው፤ ጠብቆ በታሠረ ስብራት እጃቸው የተቆረጠ ልጆችን የአገራችን ሐኪሞች ዛሬም ያያሉ። ያረገዘች ሴት ሆድም ሕፃኑን «ለማስተካከል» አይታሽም።

ቀሪው ቀላል ነው። ለወጌሻው፣ ለፀጉር ቤቱ ልጅ፣ ጀርባችን ላይ ለሚራመደው ሕፃን፣ ለሚስቶቻችን አውራ ጣት ጭምር አንድ ልመና አለኝ፤ እባካችሁ ቀስ በሉ። ስንጮህ እየዳንን አይደለም፤ እያመመን ነው።